ሞተሩ ከታደሰ በኋላ ጓርኒሲዮን አቃጠለ፤ አሁን ምን ላስፈትሽ?

ባለሙያዎች ሆይ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ፒያሳ አካባቢ የምሠራባት አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። ሞተሯ ታድሶ ፒስተን፣ ፋሻና ብሮንዚና ተቀይሮላታል። ይሁን እንጂ የቸርችል ጎዳናን ዳገት ስትወጣ ሙቀቷ ይንራል፣ ጠዋት ስትነሣ ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ያለማቋረጥ አረፋ ያወጣል። ውኃ ይጎድላል፤ ዘይቱ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) መካከል ያለው ማሸጊያ፣ የተበላው በሲሊንደርና በውኃ መተላለፊያ መካከል ይመስለኛል።

መካኒኩ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ጓርኒሲዮን እንድገዛ ይመክረኛል። ጓርኒሲዮን መግዛቱስ ቀላል ነው፤ የቴስታታውና የብሎኩ ፊት ቀጥ ማለቱን ሳይለኩ መግጠም ግን ገንዘብ መበተን ነው። እሱ በዓይኑ አይቶ «ደህና ነው» ይላል! ቡሎኖቹንም ያለ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) በእጁ ስሜት ነው የሚያጠብቀው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ቴስታታውን ብቻ ማስተካከል ይበቃል ወይስ የብሎኩም ፊት መነካት አለበት? የድሮዎቹ ቡሎኖች ተስበው ከሆነ በምን ይታወቃል? ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር በደረጃ ማጥበቅ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና የሚጠብቀው የትኛው ዓይነት ጓርኒሲዮን ነው? አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ግፊት መያዝ ያቃተው የደከመ የራዲያተር ክዳን ብቻውን ይህን ሁሉ ሊያመጣ ይችላል? ፒያሳ ወይም መርካቶ አካባቢ በትክክል ለክቶ የሚሠራ ቶርኖ ቤት የምታውቁ ካላችሁም ጠቁሙኝ። እስከዚያው መኪናዋን አቁሜአታለሁ።