ግራና ቀኙ ዛፍ የሆነ ከፊል የግል ጎልፍ ሜዳ ልጫወት ነው፤ ምከሩኝ

የአሌክሳንድሪያው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ከሰዓት ጎልፍ እንድንጫወት ጋብዞኛል። ቦታው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው፤ ከፊል የግል የሚባል ሜዳ። ፎቶውን አይቼ በጣም ወደድኩት። ግራና ቀኙ ትልልቅ ዛፍ፣ መሀሉ ጠበብ ያለ ሣር ነው። እኔ የለመድኩት ገላጣ የሕዝብ ሜዳ ነው፤ ኳሴ ደግሞ ወደ ቀኝ ትታጠፍብኛለች። አባል ሳልሆን ያስገቡኛል? ምን ልልበስ? ኳሷ ጫካ ከገባችስ ምን ላድርግ? ሰው ማስጠበቅ አልፈልግም።

ሜሪላንድ ነኝ፦
መግባቱ አያስጨንቅህ። ከፊል የግል ሜዳ መዋጮ የሚከፍሉ አባላት አሉት፤ ሌላውንም ሰው ግሪን ፊ (የመጫወቻ ክፍያ) አስከፍሎ ያጫውታል። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ሰዓቱ ላይ ነው። የቅዳሜና እሁድ ጠዋትን ለአባላት የሚይዙ አሉ፤ ቲ ታይምም (የመጫወቻ ሰዓት ቀጠሮ) እነሱ ቀድመው ይይዛሉ። ከሰዓት ዋጋው ብዙ ቦታ ቀነስ ይላል። ስትደውል ጋሪው ከዋጋው ጋር መሆኑን ጠይቅ።

ልብስ፦ ኮሌታ ያለው ቲሸርት፣ ጂንስ ያልሆነ ሱሪ ወይም ቁምጣ። ጫማህ የብረት ሹል አይኑረው።

የሶስና አባት፦
ልጄ፣ እኔ የጫካውን ልንገርህ፤ በዛፍ መሀል መጫወት ነፍሴ ነው።

ኳስህ ዛፍ ውስጥ ስትገባ ካየህና የምትጠፋ ከመሰለህ፣ ለፍለጋ ከመሄድህ በፊት «ፕሮቪዥናል ልመታ ነው» በል። ጮክ ብለህ፣ ሰዎቹ እየሰሙህ። ፕሮቪዥናል ማለት ተጠባባቂ ኳስ ነው። ዝም ብለህ ሌላ ኳስ ከመታህ የመጀመሪያዋ እንደጠፋች ይቆጠራል፤ ብታገኛትም አትጫወትባትም። ከዚያ ሂድና ፈልግ። ያለህ ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። ድሮ 5 ነበር፤ በ2019 ደንቡ ሲሻሻል አሳጠሩት። ካጣሃት የ1 ምት ቅጣት ደምረህ በፕሮቪዥናሏ ትቀጥላለህ። ተመልሰህ መሄድ ቀረልህ፣ ሰውም አልጠበቀህም።

ብታገኛትስ፣ ግን ግንድ ሥር ተወሽቃ ብትሆን? «ይቺ አትመታም» ማለት መብትህ ነው። የ1 ምት ቅጣት ትወስድና ከሦስቱ አንዱን ትመርጣለህ። ወደ መታህበት ቦታ ተመልሰህ እንደገና መምታት። ወይም ባንዲራውንና ኳሷን በሚያገናኘው መስመር የፈለግከውን ያህል ወደ ኋላ ሄደህ መጣል። ወይም ኳሷ ካለችበት በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ባንዲራው ሳትጠጋ መጣል። የምትጥለው ከጉልበትህ ቁመት ነው።

የረገፈ ቅጠልና ጭራሮ ማንሳት ትችላለህ፤ ስታነሳ ኳሷ እንዳትንቀሳቀስ ብቻ። በቁሙ ያለውን ቅርንጫፍ ግን አትስበር።

አንድ ነገር አደራ። በዛፎቹ መሀል ትንሽ ክፍተት ስታይ ወደ ግሪኑ (ባንዲራው ወዳለበት ሣር) ልሞክር አትበል። 7 ቁጥር የብረት ዱላ ያዝና ዝቅ አድርገህ ወደ ፌርዌይ (መሀል ወዳለው የታጨደ ሣር) አውጣት፤ በጎንም ይሁን ወደ ኋላ። አንድ ምት ትከፍላለህ። ግንድ መትታ ወደ ባሰ ቦታ ከገባች ግን ሦስት አራት ምት ይሄድብሃል።

ስምንት ብረት፦
የሶስና አባት፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔም ተማርኩበት። ወንድሜ፣ ኳስህ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ ከሆነ ቲህን (ኳሷ የምትቀመጥባትን ችካል) በመነሻው ቀኝ ጫፍ ትከልና ወደ ግራ አልም። ሙሉ ስፋቱን ታገኛለህ። ድራይቨሩን (ረጅሙን ዱላ) ቤት ተወው።

ሜሪላንድ ነኝ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ድራይቨሩን ይያዝ፤ ሰፊ ቦታ ሲመጣ ይምታበት። ሁሉም ቀዳዳ (ከመነሻው እስከ ባንዲራው ያለው መንገድ) እኩል ጠባብ አይሆንም። ቦርሳው 14 ዱላ ይፈቀድለታል።

የስፕሪንግፊልዷ፦
ወንድሜ፣ የሰዎቹን ጊዜ ማሰብህ ደስ አለኝ። በጨዋታ የሚያስከብርህ እሱ ነው። ተራህ ባይሆንም ዝግጁ ከሆንክና መንገዱ ነፃ ከሆነ ምታ። ከፊታችሁ ካለው ቡድን አትራቁ። ምትህ በዛ ካለብህ ኳሷን አንሳና ወደ ቀጣዩ እለፍ፤ ውድድር አይደለም። ኳስህ ወደ ሰው ካመራች ወዲያው «ፎር!» ብለህ ጩህ። ዛፍ የሚበዛበት ሜዳ ላይ ከግንዱ ማዶ ያለው ሰው አይታይህም፤ ስለዚህ ብትጠራጠርም ጩህ። ግሪን ላይ ኳስህ የሰረጎደችውን ጠግን፤ የሌላውን የኳስ መስመር አትርገጥ። ዝናብ ከጣለ ጋሪው ከአስፋልቱ እንዳይወጣ ሊከለክሉ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ጠይቁ።

ከቅዳሜ በፊት ዲሲ የሚገኘውን ላንግስተን የሚባል የጎልፍ ሜዳ ሞክረው። ዛፍም አለው፣ ለሁሉም ክፍት ነው። በ1939 የተከፈተው ጥቁሮች ሌላ ሜዳ በማይገቡበት ዘመን ለእነሱ ተብሎ ነው። እዚያ በተጫወትኩ ቁጥር ያን ትውልድ አመሰግናለሁ።

የአሌክሳንድሪያው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ነገ ከሥራ በኋላ ላንግስተን እሄዳለሁ። የሶስና አባት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ፕሮቪዥናል ሳልመታ ሄጄ ኳሷን ባጣትስ? መመለስ ግዴታ ነው?

የሶስና አባት፦
ዋናው ደንብ ተመለስ ይላል። ግን ክለቡ የአካባቢ ደንብ ካወጣ ሌላ መንገድ አለ። ኳሷ ጠፋች ከምትለው ቦታ አጠገብ ወዳለው የፌርዌይ ዳር ወጥተህ ትጥላለህ፤ ቅጣቱ 2 ምት ነው። የውጤት ካርዱን ጀርባ አንብብ፤ ካልተጻፈ የሜዳው ሱቅ ውስጥ ጠይቃቸው።