ጃንሆይ አሜሪካ ሲሄዱ የተነሣውን የአያቴን ፎቶ ከየት ላግኝ?

የሽሮሜዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ፕሮቶኮል ክፍል ይሠሩ ነበር። ከጃንሆይ ጋር አሜሪካ እንደሄዱና ዋይት ሀውስ ፎቶ እንደተነሡ ሲወራልን ነው ያደግነው። ፎቶው ቤት ነበር፤ በደርግ ጊዜ ፍተሻ ሲበዛ ሴት አያቴ የጃንሆይ መልክ ያለበትን ሁሉ ምድጃ ከተቱት። እናቴ «ዘመኑ 1956 ነው» ትላለች። አጎቴ ደግሞ «ኒክሰንን ነው የጨበጡት» ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ኢንተርኔት ላይ 1956 ብዬ ብፈልግ ምንም የለም። አንድ ፎቶ ሻጭ ገጽ ላይ የጃንሆይና የኬኔዲ ፎቶ አየሁ፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች መዝገብ ለእንደኛ ዓይነቱ የውጭ ዜጋ ክፍት ነው? ከአዲስ አበባ ሳልነቃነቅስ ይሆናል? ለእናቴ በትልቁ አሳትሜ ልሰጣት ነው ሐሳቤ።

ኪሩብ ዘዲሲ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን እናስተካክል። እናትሽ የሚሉት 1956 የእኛ አቆጣጠር ነው። መስከረም 20 ቀን 1956 ማለት ኦክቶበር 1 ቀን 1963 ነው፤ ጃንሆይ በባቡር ዋሽንግተን ገብተው ኬኔዲ ዩኒየን ስቴሽን ወርዶ የተቀበላቸው ያን ቀን ነው። አንቺ በፈረንጅ 1956 ስትፈልጊ የገባሽው አይዘንሃወር ዘመን ውስጥ ነው።

አጎትሽም ዝም ብለው አይደለም። ጃንሆይ በኒክሰን ጊዜም ሄደዋል፣ በ1969 እና በ1973። በዚያ ላይ ኒክሰን ራሱ ገና ምክትል ፕሬዚዳንት ሳለ በ1957 አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። የፕሮቶኮል ሰው ከሆኑ የጨበጡት እዚሁ ቦሌም ሳይደርሱ ሊሆን ይችላል (ያኔ ለነገሩ ቦሌም አልነበረም)። ሌሎች ጉብኝቶች በ1954 አይዘንሃወር፣ በ1967 ጆንሰን ጋር ናቸው። ሁሉንም በፈረንጅ ነው የጻፍኩልሽ፤ የአሜሪካኖቹ የመዛግብት ካታሎግም የሚያውቀው እሱን ነው።

ናቲ 22፦
አሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ አላት። ማንም ሰው፣ ዜጋ ይሁን አይሁን፣ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻውን ሞልተሽ ላኪ፣ አለቀ።

ጡረተኛው መዝገብ ቤት፦
ናቲ ልጄ፣ ማንም ማመልከት ይችላል ያልከው ልክ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይሠራም። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የፕሬዚዳንት ወረቀት የግል ንብረቱ ነበር። ሩዝቬልት ወረቀቱን ለመንግሥት ሰጥቶ ሃይድ ፓርክ ላይ ቤተ መጻሕፍት ካሠራ በኋላ ተከታዮቹም በስጦታ ውል እየሰጡ ሄዱ። የኬኔዲም የመጣው በዚያ መንገድ ነው። በስጦታ የገባ ወረቀት ላይ የመረጃ ነፃነት ሕግ አይጸናም፤ የሚገዛው ውሉ ነው። እዚያ ውስጥ አሁንም «ምስጢር» የሚል ማኅተም ያለበት ሰነድ ካጋጠመ የሚጠየቀው የምስጢርነት ክለሳ ነው፤ ቅጹም መንገዱም ለብቻው ነው።

ኒክሰን ላይ ሲደርስ ነገሩ ተለወጠ። ኒክሰንን ከሥልጣን ካወረደው ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ በ1974 ኮንግረስ ሕግ አውጥቶ ወረቀቱንም የድምፅ ክሩንም ለመንግሥት አደረገው። በ1978 የወጣው የፕሬዚዳንት መዛግብት ሕግ ደግሞ ከሬገን ጀምሮ ያለውን ሁሉ የሕዝብ አደረገው። በመረጃ ነፃነት ሕግ መጠየቅ የሚቻለው ፕሬዚዳንቱ ከወረደ 5 ዓመት ሲሞላ ነው፤ አንዳንዱን ዓይነት ወረቀት እስከ 12 ዓመት ማቆየትም ይችላል። የአንቺ ጥያቄ ግን የ60 ዓመት ፎቶ ነው፤ ሕግ ውስጥ ሳትገቢ በተራ ኢሜይል የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ቦስተን ያለሁ፦
ጋሼ እንዳሉት ኢሜይል በቂ ነው። የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት እዚሁ ቦስተን ባሕሩ ዳር ነው፤ ለምርምር መግባት በነፃ ነው፣ ቀጠሮ ግን መያዝ ግድ ነው። ከመጻፍሽ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ ራስሽ ፈልጊ፣ ብዙው ፎቶ ስካን ተደርጎ ተቀምጧል። የጃንሆይን ስም ከነቀኑ ስታስገቢ የአቀባበሉ፣ የዋይት ሀውሱ፣ የአትክልት ቦታው ይመጣልሻል። ዣክሊን ጃንሆይ ያመጡላትን የነብር ቆዳ ካፖርት ለብሳ የቆመችበት ፎቶም ከዚያው ቀን ነው።

እያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር አለው፣ የቁጥሩ መጀመሪያ ማን እንዳነሣው ይነግርሻል፦ «ኤስቲ» ከሆነ ሴሲል ስታውተን፣ «ኬኤን» ከሆነ ሮበርት ክኑድሰን፣ «ኤአር» ከሆነ አቢ ሮው። ሦስቱም አንድ ዝግጅት ላይ በተለያየ ጥግ ቆመው ያነሡ ነበር። በአንዱ ፎቶ አያትሽ ከአምድ ጀርባ ቢሆኑ በሌላው ፊት ለፊት ሊወጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ አንድ አይተሽ የለም ብለሽ እንዳትተይ።

በስማቸው ግን አትፈልጊ። መግለጫው ላይ የሚጻፉት ጃንሆይ፣ ልዕልት ሩት ደስታ፣ ሚኒስትሮቹና አምባሳደሩ ናቸው፤ ከኋላ የቆመ ፕሮቶኮል «ማንነቱ ያልታወቀ» ተብሎ ነው የሚያልፈው። በዓይንሽ ነው የምትለይው። የወጣትነት ፎቶ ካላችሁ፣ የመታወቂያም ይሁን የሠርግ፣ አጠገብሽ አስቀምጪው።

የሽሮሜዳዋ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቀኑ ሲስተካከል ዘረገፈው እኮ። ሁለት ፎቶ ላይ የሚመስሉኝ ሰው አሉ፣ እናቴ ግን «ጆሮው አይደለም» አለች። ፎቶው ስክሪን ላይ ደህና ነው፣ ሳጎላው ይፈርሳል። ደግሞ የኒውዮርኩስ? እዚያም ሄደው ነበር ይላሉ። ክፍያውስ?

ቦስተን ያለሁ፦
ለኅትመት የሚሆነውን ጥራት የሚያገኙልሽ እነሱ ናቸው። ኢሜይሉ ላይ የፎቶውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ለቤተሰብ መሆኑን ጻፊ። «ከጃንሆይ ጋር የተነሣ ሁሉ ላኩልኝ» ካልሽ ግን መልሱ ይዘገያል። ለቅጂው ክፍያ ካለ አስቀድመው ይነግሩሻል።

የዋይት ሀውስ ፎቶ አንሺዎች የመንግሥት ሠራተኞች ስለነበሩ ፎቷቸው የቅጂ መብት የለበትም፤ ማሳተምም መለጠፍም ትችያለሽ፣ የአንሺውንና የቤተ መጻሕፍቱን ስም መጥቀስ ጨዋነት ነው። ሻጩ ገጽ ላይ ያየሽው ምናልባት የዜና ወኪል ፎቶ ነው፤ የእነሱ መብቱ የራሳቸው ስለሆነ መክፈል ተገቢ ነው። አንዳንዴ ግን ያንኑ የመንግሥት ፎቶ መልሰው ሲሸጡት ታያለሽ። ከመክፈልሽ በፊት የአንሺውን ስም እዪ።

ኪሩብ ዘዲሲ፦
ኒውዮርክ ሌላ ቤት ነው። ጃንሆይ ኦክቶበር 4 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተናግረዋል፤ የአዳራሹ ፎቶ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የፎቶ ክፍል ጋ ነው፣ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አይሰጡሽም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ለኬኔዲ ቀብር ተመልሰው ሄደዋል፣ ከዴ ጎል ጎን የሄዱበት ያ የታወቀ ፎቶ። አያትሽ በሁለተኛው ጉዞ ከነበሩ ቀኑ ኖቬምበር 25 ነው። እናትሽን ጠይቂያቸው፤ ሰዉ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ከሆነ የሚያስታውሱት እሱ ነው።

ናቲ 22፦
እሺ ተማርኩ 😄 ግን ኒክሰን ቢሆንስ?

ጡረተኛው መዝገብ ቤት፦
ኒክሰን ከሆነ ዮርባ ሊንዳ፣ ካሊፎርኒያ ነው፤ ጆንሰን ኦስቲን፣ አይዘንሃወር አቢሊን ካንሳስ። ሁሉም በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሥር ናቸው፣ የጋራ ካታሎግም አላቸው፣ ሆኖም የየቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያለው ሁሉ እዚያ አይገኝም። የጆንሰን ቤት የየዕለቱን የፕሬዚዳንት ውሎ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል፤ በስንት ሰዓት ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለውን ታነባለህ።

አንቺ ልጄ ግን ፎቶ ብቻ አትፈልጊ። እንዲህ ያለ ጉብኝት ሲኖር ለፕሬዚዳንቱ የሚዘጋጅ ሰነድ አለ፣ የልዑካኑ ዝርዝር ብዙ ጊዜ እዚያ ይያያዛል። የኬኔዲ የቢሮ ፋይል ውስጥ በአገር ስም የተከፈለ ክፍል አለ፣ ኢትዮጵያ የሚለውን ክፈቺ። ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ እዚያ ካገኘሽ ከግምት ትወጫለሽ።

እዚህ አዲስ አበባም ሥራ አለሽ። ወመዘክር ሂጂና የመስከረምና የጥቅምት 1956ን አዲስ ዘመን ጠይቂ። የጃንሆይ ጉዞ ሲሆን ጋዜጣው አጃቢውን ከነማዕረጉ መዘርዘር ይወድ ነበር። መታወቂያሽን ያዢ፣ በጠዋት ግቢ፣ የምትፈልጊውን ወርና ዓመት በወረቀት ጽፈሽ ስጫቸው። «የድሮ ጋዜጣ» ካልሽ ቀኑን ሙሉ ትቀመጫለሽ።

የሽሮሜዳዋ፦
ማክሰኞ ወመዘክር እገባለሁ። ቦስተን ያለኸው ወንድሜ፣ ኢሜይሉን በእንግሊዝኛ ጽፌ ብልክልህ ታይልኛለህ?

ቦስተን ያለሁ፦
ላኪ። አራት መስመር ይበቃዋል፤ የአያትሽን የሕይወት ታሪክ ለኋላ አቆዪው፣ ፎቶው ላይ ማንነታቸውን ስታረጋግጪ መግለጫውን እንዲያርሙ ትጽፊላቸዋለሽ።