የደም ግፊት 172/64፦ የላይኛውን ለማውረድ የታችኛውን እስከ ስንት ልተው?

ታካሚዋ የ74 ዓመት እናት ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። ተቀምጠው ሲለኩ 172/64። የ108 ልዩነት አዮርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) መደንደኑን ይናገራል። ክሪያቲኒናቸው (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) 1.4 ነው፣ ሽንታቸው ላይ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን አለ፣ ልጃቸው ደግሞ «መርሳት አብዝታለች» ትላለች። እነዚህን እንደ ተለያዩ በሽታዎች ማየት ይከብደኛል፦ የደነደነ ቧንቧ የልብን ምት ሳያለዝብ ያሳልፈዋል፤ ኩላሊትና አንጎል ደግሞ ብዙ ደም በቀጫጭን ስሮች ስለሚቀበሉ ዱላው እነሱ ላይ ያርፋል።

ለግፊቱ አምሎዲፒን 10 ሚ.ግ እና ኢናላፕሪል 10 ሚ.ግ ይወስዳሉ። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚ.ግ ሲጨመር 146/54 ሆነ፤ ቆመው በ3ኛው ደቂቃ ግን 118/50፣ ከማዞር ጋር። ወደ 12.5 ሲቀነስ ማዞሩ ቆመ፣ የላይኛው 160 ላይ ተመለሰ። የደማቸው ፖታሺየም 4.1፣ ደህና ነው። በሁለቱም ክንድ፣ በልኩ መጠቅለያ ተለክቷል።

የላይኛውን ከ120 በታች ማውረድን የደገፈው የ2015ቱ ስፕሪንት ጥናት ስኳር ያለባቸውን አላካተተም፣ ስለዚህ እዚህ ብዙም አይረዳኝም። ልብ ራሷ ደም የምታገኘው በአብዛኛው ስትላላ፣ ማለትም ግፊቱ የታችኛው ቁጥር ላይ ሲሆን፣ ነውና የታችኛው 50 መድረሱም ያሰጋል።

እንዲህ ያለ ታካሚ የያዛችሁ፣ ለኩላሊትና ለአንጎል ብላችሁ የላይኛውን ወደ 140 ትገፋላችሁ ወይስ የታችኛው 60 ሲነካ ታቆማላችሁ?