«በፈቃዱ የሄደ» ሰው ካሳ አይገባውም?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ውስጥ አንዱ «በፈቃዱ የሄደ ሰው የምን ካሳ ነው?» ብሎ ስለ ሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) ልጆች፣ አሜሪካ ለአገልግሎት ውጭ አገር ስለምትልካቸው በጎ ፈቃደኞች፣ ሲቀልድ ስንቱ አጨበጨበለት! ጌታዬ፣ የአሜሪካ ሕግ ለካሳ ጉዳይ በጎ ፈቃደኛውን እንደ ፌዴራል ሠራተኛ ነው የሚያየው። ውጭ አገር ሳለ ከተጎዳ፣ ሰክሮ ወይም ሆን ብሎ ካልሆነ በቀር፣ ሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል።

ሞጋቹ፦ «አንዱ» እኔ ነኝ። ልድገመው? በፈቃዱ የሄደ! በዱላ የነዳው የለም። የሚከፈለው ከእኔ ግብር ነው።

ነርሷ፦ እዚህ አሜሪካ የግዳጅ ውትድርና ከቀረ እኮ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ወታደሩም በፈቃዱ ነው የሚሄደው። በል የሱንም ቁረጥበት።

ሞጋቹ፦ ወታደር ሌላ።

ነርሷ፦ ምኑ ነው ሌላ?

ተመላሹ፦ እኔ ያገለገልኩ ነኝ፤ ወገቤን ይዤ ነው የተመለስኩት። ካሳ ካሳ ስትሉ ሚሊዮን ይመስላችኋል። ስሌቱ ሁላችንንም በፌዴራል የደመወዝ እርከን እንደ ጀማሪ የደረጃ 7 ሠራተኛ ነው የሚወስደን፤ ከዚያ ደመወዝ ላጤ ሁለት ሦስተኛውን፣ ቤተሰብ ያለው ሦስት አራተኛውን። ሃያ ዓመት መሐንዲስ ሆኖ የሄደም ያው ነው። እሱም ይሁን፤ ሕክምናው ነው የገደለኝ። ሦስት ክሊኒክ ዞሬ ሦስቱም «ይሄን የካሳ ወረቀት አንቀበልም» አሉኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ አይዞህ ወንድሜ። ዋናው ነገር እሱ ነው። ካሳውን የሚያስተዳድረው የሠራተኛ ሚኒስቴር፣ ገንዘቡን መልሶ የሚተካው ሰላም ጓድ። በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ሰላም ጓድ የወጣው ሕግ አሠራሩ ይመርመር ብሎ አዘዘ፤ የኮንግረሱ ኦዲተር በ2012 እ.ኤ.አ. ሲያየው ሁለቱም በእጃቸው ያለውን መረጃ ተመላሾቹ ሐኪም ማግኘት አለማግኘታቸውን ለመከታተል ብዙም አይጠቀሙበትም ነበር። አንዱ ይከፍላል፣ አንዱ ይፈርማል፤ በሽተኛውን የሚጠይቅ የለም!

ሞጋቹ፦ ስለዚህ ሌላ ቢሮ ይከፈት? ሌላ ሹም፣ ሌላ መኪና?

ተመላሹ፦ ቢሮ አላልኩም። ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው ያልኩት።

ዘብሔረ ቡልጋ፦ ምን ታለቅሱላቸዋላችሁ፣ ሰላዮች ነበሩ እኮ! በኛ ጊዜ ተማሪው ሁሉ ያውቀው ነበር።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ አባቴን በ1955 ዓ.ም. እንግሊዝኛ ያስተማረው የሰላም ጓድ ልጅ ነው። የሰለለው የአባቴን ሰዋስው ከሆነ እንጃ።

ዘብሔረ ቡልጋ፦ አባትሽ የት ነው የተማሩት?

የቤይሩቷ፦ እኔ የሚገርመኝ ለፈረንጅ ልጅ ይህን ያህል መከራከራችሁ። ቤይሩት ከፎቅ ወድቃ እግሯ የተሰበረው እህታችን የትኛው ኦዲተር ጠየቃት? ሞጋቹ፣ እሷም «በፈቃዷ የሄደች» ናት?

ሞጋቹ፦ እሷን አታምጪብኝ፤ እሷ ድህነት ነው የነዳት።

ነርሷ፦ አሃ! አሁን ደግሞ የሚነዳ ነገር ተገኘ።

ሞጋቹ፦ ቃል እየለቀምሽ አትጣዪኝ።

ዘብሔረ ቡልጋ፦ ልጄ፣ አልመለስሽልኝም። ደብረ ብርሃን ነው ወይስ አዲስ አበባ?