ክርክር፦ የጣና ዳር ክፍት ቦታ ለሆቴል ይሰጥ ወይስ ለሕዝብ ይቅር?

የሽምብጥ ልጅ
የባሕር ዳር መሃል በኮሪደር ልማት መልኩ እየተቀየረ ነው። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፣ መብራት ተተክሏል። ሐይቁ ዳር መንሸራሸር ተችሏል። ይሄን አልቃወምም። የኔ ጥያቄ ቀጥሎ ስላለው ነው። ከመንገዱ እስከ ውሃው ድረስ የቀረው ቦታ ለማን ይሁን? ለሆቴልና ለካፌ በሊዝ ይሰጥ የሚል አለ። ክፍት ይቅር የሚልም አለ። እኔ ክፍት ይቅር ባይ ነኝ። ጣናን ለማየት ሻይ ወይም ቢራ ማዘዝ ግድ የሆነበት ቦታ ድሮም ብዙ ነበር። አጥሩ ውሃው ድረስ ይደርሳል። ባሕር ዳር ተወልዶ ሐይቁን በአጥር ቀዳዳ እያየ ያደገ ልጅ ሞልቷል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አስጎብኚ ነኝ
ወንድማለም፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን የእንጀራ ጉዳይም አለ። ከ2013 ጀምሮ በጦርነቱ የተነሳ የውጭ ጎብኚ ከእጃችን ወጥቷል። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ጢስ ዓባይ እያመላለሰ ቤተሰብ ያስተዳድር የነበረ ልጅ ዛሬ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሰላም ሲሆን እንግዳ ይመለሳል። ያኔ የምናሳርፍበት ያስፈልገናል። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር ሪዞርት ተሠርቷል፤ እንግዳው ወደዚያው እንዲያልፍ እንፈልጋለን? ሆቴል ማለት አስተናጋጅ ነው፣ አልጋ አንጣፊ ነው፣ አትክልት አቅራቢ ነው፣ ጀልባ ነጂ ነው። ክፍት ሣር ደሞዝ አይከፍልም።

የፋሲሎ ነዋሪ
ሁለታችሁም ከዋናው ነገር ወጥታችኋል። ሰው ጤፍ መግዛት አቅቶታል። መንገድ ተዘግቶ እህል ከገጠር የማይገባበት ቀን አለ። በዚህ ጊዜ ስለ ሣርና ስለ ሎጅ መከራከር ልክ ነው? ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይዋል ባይ ነኝ።

እናት ነኝ
ወንድሜ፣ የኑሮው ነገር እውነት ነው፣ ልቤ ያውቀዋል። ግን እኮ ቤት የጠበባት እናት ልጆቿን ማታ በነጻ የምታወጣበት ቦታ እሱም የኑሮ ጉዳይ ነው። አሁን ሐይቁ ዳር እንወጣለን፣ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ያስመርረኛል። ሽንት ቤት የለም! ሕፃን ይዛችሁ ስትወጡ የሚገጥማችሁን አስቡት። ካፌ ገብተህ ካልተጠቀምክ ቁልፉን አይሰጡህም። ለአራት ልጅ ለስላሳ መግዛት ደግሞ የአቅም ጉዳይ ነው። አዛውንቶችም የሚሄዱት ወንበር እስካለበት ድረስ ብቻ ነው። አባቴ ስኳር አለበት፤ ሽንት ቤት ከሌለ ከቤት አይወጣም። መብራቱን አይቼ አመስግኛለሁ። ግን ንጹሕ ሽንት ቤት፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ጥላ ያለው መቀመጫ ከሌለ ቦታው የወጣት ብቻ ይሆናል። ሆቴል ይሁን ክፍት ይሁን የምትሉ ሁሉ ይሄን ከአፋችሁ አልሰማሁም።

ዓሣ ጠባሽ
እኔም ልናገር። ልጆቼን ያሳደግሁት ዓሣ ጠብሼ ነው። ቦታው ሲጸዳ ለጊዜው ተነሱ ተባልን፣ ተነሳን። ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ የነገረን የለም። አሁን ውስጥ ሰፈር ገብቻለሁ። ሰው ግን ዓሣ የሚበላው ውሃውን እያየ ነው፤ ውስጥ ሰፈር ማን ይመጣል? ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከአጥማጁ እገዛለሁ፤ ከመሸ በኋላ የተረፈውን የማስቀምጥበት ፍሪጅ የለኝም። ክፍት ይሁን የምትሉት ሣርና አበባ ታስባላችሁ። ሆቴል የምትሉት ሆቴል ታስባላችሁ። እኛ በሁለቱም ውስጥ የለንም።

የሽምብጥ ልጅ
እታለም፣ ልክ ነሽ። ክፍት ስል እናንተም ያላችሁበት ክፍት ማለቴ ነው። ግን አልጻፍኩትም። የጸዳ መናፈሻ ውስጥ ጭስና የዓሣ አንጀት አይፈለግም የሚል ሰው እንደሚኖርም አውቃለሁ።

ዓሣ ጠባሽ
አንጀቱማ እኛንም አይመቸንም። ቧንቧና ማስወገጃ ስለሌለ ነው እንጂ ቆሻሻ የምንወድ ሆነን አይደለም።

ፕላን የተማረው
በሙያዬ ልጨምር። ባሕር ዳር ዝም ብላ ያደገች ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች ፕላን አውጥተውላታል። ዛሬ የምንኮራባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው። ስለዚህ ፕላን ይከበር ማለት ለዚህች ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ውሃው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የሚገባበትን ቆሻሻ ውጦ ዝም አይልም። እንቦጭ በ2004 ገደማ ሐይቁ ላይ ሲታይ ሁላችንም ደነገጥን፤ በየዓመቱ ሕዝብ እየወጣ በእጁ ነቀለ። ያ አረም የሚፋፋው ከእርሻ በሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ በሚወርድ ፍሳሽ ነው። ዳሩ ላይ ያለው ደንገልና ቄጠማ ደግሞ ፍሳሹን ያጣራል፣ ደለሉን ይይዛል። ቆሮሶ የሚራባውም እዚያው ዳር ዳሩን፣ ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ደንገሉን መንጥሮ ግንብ ያቆመ ሰው የእታለምን ዓሣም ነቅሏል ማለት ነው። ታንኳ የሚሠራውስ ከምን ሆነና?

ሌላው ነገር፣ ሐይቁ አንድ ቦታ አይቆምም። ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል። ሰኔ ላይ ደረቅ ያየኸው መሬት ጥቅምት ላይ ሐይቅ ነው። በ1988 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያም ከፍታውን ይወስናል። በበጋ ለክቶ ካርታ መስጠት ውሃውን መሸጥ ነው። ጣና ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ መሆኑንም አንርሳ። ጥብቅ ሲባል ሰው አይግባ ማለት አይደለም። ዳሩ በልክ ይያዝ ማለት ነው።

አስጎብኚ ነኝ
እሺ ጋሼ፣ በደንገሉ ተስማማሁ። እንግዳውም እኮ ወፍ ሊያይ ነው የሚመጣው። ግን ነገሩ ሁሉ አይሆንም፣ አይሆንም ከሆነ ባለሀብት ሌላ ከተማ ይሄዳል።

ፕላን የተማረው
አይሆንም አላልኩም። ሆቴሉ ከመንገዱ ወዲህ፣ በከተማው በኩል ይሁን። ፎቁ ላይ ሆኖ ሐይቁን ያያል። ከመንገዱ ወዲያ፣ በውሃው በኩል፣ አጥር አይኑር። የጀልባ መሳፈሪያ ግን ይኑር፤ እሱ ያለ ውሃ አይሠራም። ፍሳሹም ማጣሪያ ይኑረው፣ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ቱቦ ይከልከል።

የባጃጅ ሹፌር
ከመንገዱ ወዲህ የምትለው ቦታ ላይ እኮ ሰው አለ። ሱቅ አለ፣ ተከራይ አለ። እነሱስ?

ፕላን የተማረው
ዋናው ቁስል እሱ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው የ2011ዱ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ ካሳ የሚከፍለው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ነው፤ መሬቱ ላይ ላለው ንብረት። ደሳሳ ቤት ተከራይቶ ሻይ የሚያፈላ፣ መንገድ ዳር ዓሣ የሚጠብስ ሰው ይዞታ የለውም። በሕጉ ዓይን አይታይም። ግንባታው ሲያምር የሚጠፋው እሱ ነው። ስለዚህ ቦታው ሲነደፍ ጀምሮ ለእነሱ የሚሆን መደብ በፕላኑ ላይ ካልተሰመረ፣ በኋላ በልመና አይገኝም።

የፋሲሎ ነዋሪ
እንዲህ ከሆነማ ልስማማ እችላለሁ። የኔ ቅሬታ ውበቱ አይደለም። ከመሃል የተነሳው ሰው የት እንደደረሰ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ሲመረቅ ደስ ያላለው ሰው የለም፤ 380 ሜትር ነው፣ ለሁሉም እኩል ያሻግራል፣ መግቢያ አይጠይቅም። ሐይቁ ዳርም እንደዚያው ይሁን ነው የምለው።

አስጎብኚ ነኝ
እኔ አንድ ነገር ላይ አልለቅም። መናፈሻ የሚባለው ጠባቂና አትክልተኛ ካልተቀጠረለት በሁለት ክረምት ይበላሻል። በጀቱ ከየት ይምጣ? ቢያንስ ትንንሽ ካፌዎች ኪራይ ከፍለው ቦታውን ያስጠብቁ።

እናት ነኝ
ትንንሽ ከሆኑ ይሁኑ። የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች ግን እነዚያ የተነሱት ሴቶች ይሁኑ። ሽንት ቤቱንም በማኅበር ይያዙት፤ ትንሽ ሳንቲም ይክፈልበት። ንጹሕ ከሆነ እከፍላለሁ።

የሽምብጥ ልጅ
ይሄን እቀበላለሁ። ካፌ ይኑር፣ አጥር አይኑር። ሳይገዛ የሚቀመጥን ሰው ማንም እንዳያስነሳው በውሉ ላይ ይጻፍ።

ዓሣ ጠባሽ
እኛ ተነሺዎቹ ስማችንን እያሰባሰብን ነው፣ ማኅበር ሆነን ቦታ ለመጠየቅ። ማመልከቻ አጻጻፍ ግን አናውቅም። ጋሼ፣ ፕላን ተምሬያለሁ ያልከው፣ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ጊዜ ካለህ መጥተህ ጻፍልን። ቧንቧው በየት በኩል ቢሳብ እንደሚሻልም አሳየን። የአጥማጆቹን ተወካይ እኔ ይዤ እመጣለሁ።