የጀልባዋ ሞተር ቅያሬ፦ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ዕቅድ (አባላቱ በረቂቁ ላይ የተጻጻፉት፤ አንዳንዶቹ በሰፈራቸው ስም ተጠርተዋል)

ጸሐፊው፦ ረቂቁን በዚህ ሳምንት ካልጨረስነው መስከረም 25 ጠቅላላ ጉባኤው እንደ አምናው «ይጠና» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ አንድ ነው። ባለ ሁለት ምቱ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይውረድ፣ በቦታው በጉልበት እኩያው የሆነ ባለ አራት ምት ይሰቀል፣ ኅዳር 21 ለጽዮን ማርያም ዝዋይ ሐይቅ ላይ ወዳለችው ቱሉ ጉዶ ደሴት የምንሻገረው በአዲሱ ይሁን። አምና ደሴቲቱ ዳር ስንወርድ ከጀልባዋ ኋላ የዘይት ሽፋን ሐምራዊና አረንጓዴ ሆኖ ውኃው ላይ ሲዘረጋ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። አንዲት እናት ቢጫ ጄሪካኗን እስከ ግማሽ ሞልታ ነበር፤ ደፋችውና ዳር ዳሩን ይዛ ራቅ ብላ ሄደች። ምንም አላለችንም። ሰው የሚጠጣውን ውኃ እያበላሸን ተሳልመን መመለስ ይብቃን።

ገንዘብ ያዧ፦ በካዝና ያለው 1,120,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 140,000 ብሩ የኅዳር አውቶቡስና ስንቅ ስለሆነ አይነካም። ረቂቁ ላይ የሰፈረው የሞተር ዋጋ ደግሞ በ2016 ሰኔ የተሰጠን ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያ ዋጋ አይሠራም፤ ቀረጡም የሚሰላው በአዲሱ ምንዛሪ ነው። ከሦስት አስመጪዎች አዲስ ፕሮፎርማ ካልመጣ እኔ በዚህ ዕቅድ ላይ አልፈርምም።

የካዛንቺሱ፦ ፕሮፎርማውን ለእኔ ተዉት። እስከ ዓርብ ሦስቱንም ይዤ እመጣለሁ።

መካኒኩ፦ ሁልጊዜ «ያው ሞተር ነው» የሚል ሰው ስለማይጠፋ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይብቃኝ። የእኛው ባለ ሁለት ምት ኮሎው፣ ማለት ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ያቃጥላል። የተቃጠለው ሲወጣ አዲሱ ቤንዚን በዚያው ቅጽበት ይገባል፤ ስለዚህ ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ሾልኮ ውኃ ውስጥ የሚቀረው ብዙ ነው። እንደ እኛው ባለ ካርቡራቶር አሮጌ ሞተር ከሆነ ከነዳጁ ሩብና ከዚያም በላይ ሊባክን ይችላል። ዘይቱም አብሮ ይሄዳል። በ50 ለ 1 ልክ ለ24 ሊትሩ ታንክ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት እንጨምራለን፤ ያ ሁሉ ወይ ጭስ ይሆናል ወይ ሐይቁ ላይ ይተኛል። ባለ አራት ምቱ ዘይቱን በራሱ ገንዳ ይዞ ይሠራል፣ ቤንዚኑ ንጹሕ ነው፣ የሚያቃጥለውም በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው። በየ100 ሰዓቱ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ነው። ባጃጅ ጠግኖ የሚያውቅ ልጅ ይሠራዋል።

ዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ መሆኑንም እንዳትረሱ። አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። 40 ብለን የምንገዛው እዚያ 34 ያህል ነው። ስለዚህ ነዳጁን በኮምፒውተር የሚመጥነው ዓይነት ይሁን፤ ፕሮፔለሩም ምሪቱ፣ ማለት በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት፣ አነስ ያለ ይሁን። ወደ 30 ውረዱ የሚል ሰው ካለ ጀልባዋን ሞልቶ በማዕበል ራሱ ይሞክራት።

አሁን ችግሩ። አዲሱ ከአሮጌው በ20 ኪሎ ያህል ይከብዳል፤ በሞተሪኖ የሚነሣ ስለሆነ ባትሪም ይፈልጋል። ኋላዋ እንዳትሰምጥ ታንኩ ወደ መሐል ይመጣል፣ ባትሪው በሣጥን ሆኖ ከኋላው አግዳሚ ሥር ይገባል። አግዳሚው ግን ዝቅ ብሎ ስለተመታ ሣጥኑን አያስገባም። ስለዚህ አግዳሚው ይነሣል።

የሰባ ደረጃዋ፦ የትኛው አግዳሚ ነው የሚነሣው?

መካኒኩ፦ የኋላው።

የሰባ ደረጃዋ፦ የኋላው አግዳሚ የአባቴና የአሥራ አንዱ መሥራቾች ስም የተቀረጸበት ነው። በ1989 ዓ.ም. ከአብነት ጽድ አስመርጦ፣ ስማቸውን በምስማር ጫፍ አስቀርጾ፣ በሬንጅ አስሞልቶ ነው ያመጣው። እኔ ልጅ ሆኜ ሬንጁን በጨርቅ የጠረግሁት እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው። ሞተር ቀይሩ፣ አልተቃወምሁም። አግዳሚው ግን አይነሣም።

የሜክሲኮው፦ ለአንድ ሳንቃ ብለን የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር እናቁም? ሳንቃ ሳንቃ ነው፤ ይነሣና ቢሮ ይሰቀል።

የሰባ ደረጃዋ፦ የትኛው ቢሮ? ፒያሳ የነበረችው ክፍላችን ከፈረሰች ወዲህ ማኅበሩ ማኅተሙንም በጸሐፊው ቤት ነው የሚያስቀምጠው። ሰፈሩ ሄደ፣ ቤቱ ሄደ፣ የተሰበሰብንበት ግቢ አሁን መንገድ ሆኗል። ከዚያ ሁሉ የቀረን ያ «ሳንቃ» ነው። አንተ ማኅበሩን ስትቀላቀል አባቴ እዚያ ላይ አስቀምጦ ነው በረከት የተቀበልህ፤ አሁን ግን ሳንቃ ሆነብህ።

የሜክሲኮው፦ የሟችን ስም በክርክር መሐል ማንሣት ተገቢ አይደለም። እኔ ያልሁት ስለ እንጨቱ ነው።

ገንዘብ ያዧ፦ ፕሮፎርማው የት ደረሰ? ዓርብ አለፈ።

የተክለ ሃይማኖቱ፦ አግዳሚውን በአምስት ሳንቲም ከፍ ብታደርጉት ሣጥኑ አይገባም? ሁለት ጉርድ እንጨት ከሥሩ፣ አራት ቡሎን፣ አለቀ።

መካኒኩ፦ አምስት አይበቃም፣ አሥራ ሁለት ያስፈልጋል። አሥራ ሁለት ከፍ ያለ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ እግሩ ወለሉን አይነካም፤ በማዕበል ደግሞ የሚይዘው የለውም። ካላመናችሁ ሄዳችሁ ተቀመጡበት።

የሰባ ደረጃዋ፦ ባትሪው ራሱ ለምን ከፊት አይሆንም?

መካኒኩ፦ ገመዱ ሲረዝም ኃይሉ በመንገድ ይቀራል፤ ወፍራም መዳብ ይፈልጋል፣ ያም ገንዘብ ነው። ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክረውም።

የሰባ ደረጃዋ፦ «ይቻላል» ካልህ ይቻላል ማለት ነው። ታዲያ ይነሣል ብለህ ለምን ጀመርህ?

መካኒኩ፦ እትዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሞተር ያለ ክፍያ የጠገንሁት እኔ ነኝ። ካንዴላውን ከሶማሌ ተራ በራሴ ገንዘብ እየገዛሁ ነው። አባትዎን እንደ አባቴ ነው የማያቸው። አግዳሚውን የጠላሁ አድርገው አይጻፉብኝ። ከዚህ በኋላ ሌላ መካኒክ ፈልጉ።

የሜክሲኮው፦ ይኸው! የሚሠራውን ሰው አባረራችሁት።

የባቱው ተጠሪ፦ እናንተ በአግዳሚ ስትጣሉ እኔ ጋር የሚጠበቅ ሥራ ቀርቷል። ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላው ሳንቃ ቁመት ይለካ ተብሎ ነበር፤ ቅዳሜ እመጣለሁ ያለው ወጣት አልመጣም። ራሴ ለካሁት፣ 51 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ረጅም እግር ያለው ሞተር ነው የሚታዘዘው። አጭሩን ብታዝዙ ፕሮፔለሩ አየር ይቀዝፋል። ሌላ ነገር ደግሞ፣ እምቦጩ ወደ መነሻችን ተጠግቷል። ሥሩ የማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሞተሩ ውኃ ካልተፋ በደቂቃዎች ይግላል። ከአዲሱ ጋር ትርፍ የውኃ ፓምፕ ጎማ አብሮ ይታዘዝ። ሌሊት ደግሞ ሞተሩን አውርዶ ቤት የሚያስገባው ጠባቂው ከልጁ ጋር ነው። 20 ኪሎ ከተጨመረበት ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ክፍያውን ጻፉት።

ጸሐፊው፦ 51 ሳንቲም ተመዝግቧል፤ የጠባቂውም ክፍያ ይገባል። እግዚአብሔር ይስጥልን። መካኒኩ የጻፈውን እንዲያነሣ እለምናለሁ። እትዬ፣ እርስዎም።

ሰብሳቢው፦ ሁለታችሁንም አውቃለሁ። አንተ ልጄ፣ አባቷ ሲያርፍ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነህ። አንቺም እሱ ባይኖር ጀልባዋ ከአምስት ዓመት በፊት ለቁራሌ እንደምትሸጥ ታውቂያለሽ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችሁም ቡና እኔ ዘንድ ትጠጣላችሁ። አግዳሚው ላይ የእኔም ስም አለ። እኔ እስካለሁ ድረስ ስለ ስሜ ተጣልታችሁ ማየት አልፈልግም።

የሰባ ደረጃዋ፦ እመጣለሁ ጋሼ። ወንድሜ፣ በቁጣ ነው የጻፍሁት፤ ይቅር በለኝ።

መካኒኩ፦ ይቅር ለእግዚአብሔር። ትናንት አንድ ነገር አሰብሁ። አግዳሚው ሳይቆረጥ ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫዋ ቢሄድ ክብደቱ ራሱ የኋላውን 20 ኪሎ ያካክሳል። ያ ጽድ ቀላል እንጨት አይደለም። ስሙም የሚሳፈረው ሰው ፊት ለፊት ይሆናል።

የሰባ ደረጃዋ፦ ፊት ለፊት ከሆነ እስማማለሁ። ግን ፊት ፀሐይና ማዕበል ይመታዋል። የግራ ጫፉ አሁንም ተሰንጥቋል፣ አውራ ጣት ያስገባል። ሳይጠገን አይወጣም።

የተክለ ሃይማኖቱ፦ ከፊት ጥላ እንሥራለት። በቧንቧ ብረት ላይ ሸራ። ለሽማግሌዎቹም ይሆናል።

የአራት ኪሎው፦ ሸራ ከተሠራ ቀለሙም ይታደስ። በተላጠ ጀልባ ላይ አዲስ ሸራ አያምርም። ደግሞ የመሥራቾቹ ስም በሬንጅ ብቻ መቅረት የለበትም፤ በነሐስ ሰሌዳ ይሠራና ኅዳር 21 ይመረቅ። ነሐስ ቀራጩን እኔ አነጋግራለሁ።

የሜክሲኮው፦ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ ያልሁት ስለ ሳንቃው መጥፎ ሆኖ ከተሰማ ይቅርታ። ለሰሌዳው 10,000 ብር አዋጣለሁ።

የተክለ ሃይማኖቱ፦ እኔም 10,000።

ገንዘብ ያዧ፦ ለሰሌዳ በግማሽ ቀን ቃል የተገባው 65,000 ብር ደርሷል። ለሞተሩ ግን በዚህ ውይይት አንድ ብር የጨመረ ሰው የለም። የካዛንቺሱ ወንድማችን ስልክ አያነሣም። ራሴ ሁለት አስመጪዎች ጋር ሄጃለሁ። በረጅም እግር፣ ባለ ሞተሪኖ፣ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ቀረጡን ጨምሮ የቀረበልን ዝቅተኛው ዋጋ 1,390,000 ብር ነው። የሚነካው ገንዘባችን 980,000 ነው። 410,000 ይጎድላል።

መካኒኩ፦ ያገለገለ ባለ አራት ምት እንዳታስቡ። አስተኝተው በተሳሳተው ጎኑ ካጓጓዙት ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ይመጣል፤ ይህን ደግሞ ከፍታችሁ ካላያችሁት አታውቁትም።

የአራት ኪሎው፦ ታዲያ ዘንድሮ በእጃችን ያለውን እንሥራ። አግዳሚው፣ ሸራው፣ ቀለሙ፣ ሰሌዳው። ሞተሩ ለከርሞ።

የሰባ ደረጃዋ፦ ለከርሞ ብለን እንዳንረሳው። የዚያችን እናት ጄሪካን እኔም አይቻለሁ፤ ከአባቴ ስም የምትበልጥብኝ እሷ ናት። ለሰሌዳው ቃል የገባችሁትን ወደ ሞተሩ ብታዞሩት ቅር አይለኝም።

የሜክሲኮው፦ ለስም የተባለ ገንዘብ ለስም ይሁን። አንዴ የተናገርነውን አናጥፍ።

ጸሐፊው፦ ለጉባኤው የሚቀርበው ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ሆኗል። አግዳሚው ተጠግኖ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሸራ ይሠራለታል፣ ጀልባዋ ትቀባለች፣ የነሐስ ሰሌዳው ኅዳር 21 ይመረቃል። ለዚህ የሚውለው 230,000 ብር ነው። የቀረው 750,000 ብር በሞተሩ ስም በባንክ ለብቻው ይቀመጣል፤ የሚጎድለውንም ከጥር ጀምሮ በየወሩ እናዋጣለን። በመጀመሪያው ረቂቅ የጻፍሁት ይህን እንዳልነበር አውቃለሁ። የተቃወመ ካለ እስከ ነገ ማታ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዧ፦ እኔ ተቃውሜያለሁ። 230,000 ብሩ ከሞተሩ ነው የሚወጣው፤ ጉድለቱ 640,000 ሆነ ማለት ነው። ይመዝገብልኝ።

ጸሐፊው፦ ተመዝግቧል።

የባቱው ተጠሪ፦ እንግዲያው ኅዳር 21 የምንሻገረው በአሮጌው ነው። ያለኝ የሁለት ምት ዘይት ሁለት ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ለደርሶ መልሱ አይበቃም። አውቶቡሱ ሲመጣ ስድስት ሊትር ላኩልኝ። ከደሴቲቱ ዳር ሳንደርስ ሞተሩን አጥፍቼ በመቅዘፊያ አስጠጋለሁ፤ ሁለት ጠንካራ ልጆች ከፊት ይቀመጡልኝ።

መካኒኩ፦ ዘይቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ከሚቀዝፉት አንዱም እኔ ነኝ።