ዕድሜን ለማረጋገጥ ማንነትን ማሳየት ግድ ነው?

አወያይ፦ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቲክቶክ፣ ኢንስታግራምና መሰል መድረኮች ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ያላስከበረ ኩባንያ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣል። ልጁን ለመለየት ግን አዋቂውም መፈተሹ አይቀርም። ትደግፋላችሁ? ስድብ የለም።

የሜልቦርን እናት፦ ሁለት እጄን አውጥቼ! ማታ ማታ ከልጅ እጅ ስልክ መንጠቅን ያየ ያውቀዋል።

ኮደሩ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን ዲስኮርድ በሚባለው የመወያያ መድረክ ላይ የሆነውን አስታውሺ። ዕድሜያችን በስህተት ተገመተ ብለው ይግባኝ ያሉ ሰዎች የላኩት የመታወቂያ ፎቶ በ2025 በአንድ ተቋራጭ በኩል ሾለከ። ኩባንያው ራሱ ወደ 70,000 ሰዎች ሊነካ ይችላል ብሏል። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ፊት ግን በምን ይቀየራል?

የሜልቦርን እናት፦ የኛ ሕግ እኮ መታወቂያ ብቻ ካላመጣችሁ ማለትን ይከለክላል። ሌላ አማራጭ ማቅረብ አለባቸው።

ኮደሩ፦ ሌላው አማራጭ በሰልፊ መገመት ነው። የ15 ዓመቱን ከ16 ዓመቱ በዓይን መለየት እኛም አንችልም። የአውሮፓ ኅብረት የሚሞክረው ይሻላል። አንድ የታመነ አካል ዕድሜሽን አንዴ አይቶ ስልክሽ ላይ የተፈረመ ማረጋገጫ ያስቀምጣል። ድረ ገጹ «ከ18 በላይ ናት?» ይላል። ስልኩ «አዎ» ይላል፣ በቃ። ስም የለ፣ የልደት ቀን የለ። ግን ያንኑ ማረጋገጫ በየቦታው ካሳየሽ ዱካሽን መከተል ይቻላል። ዜሮ ኖውሌጅ ፕሩፍ የሚባለው፣ ማረጋገጫውን ራሱን ሳያሳይ መልሱ እውነት መሆኑን ብቻ የሚያስረዳ ስሌት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በደንብ ከተሠራ ፈራሚውና ድረ ገጹ ቢመሳጠሩ እንኳ ማን እንደገባ አያውቁም።

ስቶክሆልም ነኝ፦ ስሌቱ አንደኛ ነው እንበል። ወረቀቱስ? እዚህ ካለነው ሐበሾች ስንቱ ነው ልደቱ ጃንዋሪ 1 የሆነው? ቀኑ አልታወቀም ተብሎ የተሞላ ነው። የታናሽ ወንድሜ ደግሞ ይብሳል። የትውልድ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ተገለበጠ። 12 ዓመቱ ሳለ በወረቀት 20 ሞልቶት ነበር! ያንተ ስሌት ስሙን በጥንቃቄ ደብቆ ስህተቱን ያረጋግጥለታል።

ኮደሩ፦ 😂 እሱስ እውነት ነው። ስሌቱ የሚጠብቀው ምስጢሩን ነው፤ ወረቀቱን አያርምም።

ከአዲስ አበባ፦ እኛ ለፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና ፎቶ ሰጥተናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፣ ጥሩ። ግን ሰፈሬ ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት ግቡና እዩ። ሰው ፋይዳውን ለማሳተም በቴሌግራም ይልክላቸዋል፤ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተከምሮ ይቀራል። ለአንድ «አዎ» ሙሉ ካርዱን ማስረከብ ለምዶብናል። እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ ልማድ ነው።

የሜልቦርን እናት፦ እሺ፣ «አዎ» ብቻ የሚለው ሲመጣ እኔም እሱን እመርጣለሁ። እስከዚያ ግን ክልከላው ይቆይ። ለዕድሜ ብለው የሰበሰቡትን ከተጠቀሙበት በኋላ እንዲያጠፉም ሕጉ ያስገድዳል።

ኮደሩ፦ ማጥፋታቸውን ማን ገብቶ ያያል?

የሜልቦርን እናት፦ ልጄ ሌሊት የሚያየውንስ ማን ገብቶ ያያል?